እንቁላሉን መጠበቅ ብቻውን አልበቃም
የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ባሕር ኤሊዎች ነው። በዓለም ላይ ሰባት ዓይነት የባሕር ኤሊዎች ይኖራሉ። ከሰባቱ መካከል በአካሉ ከትንሾቹ የሚመደበውንና ከምድር ሊጠፋ ጫፍ ደርሶ የነበረውን አንዱን መርጠናል። ተመራማሪዎች ኬምፕስ ሪድሊ ይሉታል፤ እኛ የኬምፕ ኤሊ እንለዋለን። የሚኖረው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ነው።

ይህን ኤሊ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው አንድን እንስሳ እንዴት ሊያጠፋው እንደሚችል፣ ከዚያም ቆም ብሎ ካሰበ፣ ከመረመረና ከታገሠ እንዴት ሊመልሰው እንደሚችል ከኤሊው ታሪክ መማር ይቻላል። አንድ ነገር በተለይ ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ለእንስሳ ጥበቃ የሚደረገው በአንዱ የሕይወቱ ምዕራፍ ላይ ብቻ ከሆነ ልፋቱ መና ይቀራል። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ከእንስሳው ጋር እንተዋወቅ። ለአካለ መጠን የደረሰ የኬምፕ ኤሊ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም 45 ኪሎ ግራም አካባቢ ይደርሳል። ጀርባውን የሚሸፍነው ቅርፊት ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረውና ግራጫ አረንጓዴ ነው፤ የሆዱ ቅርፊት ደግሞ ነጣ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመገበው ሸርጣን ነው። በአገራችን የምናውቀው የየብስ ኤሊ ሰው ሲነካው አንገቱንና እግሩን ወደ ቅርፊቱ ይሰበስባል። የባሕር ኤሊ ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ እግሮቹ ለመዋኛ የተሠሩ ሰፋፊ መቅዘፊያዎች ናቸው።

እንግዲህ ለኋላው ታሪካችን የሚያስፈልገን አንድ ነገር አለ። የባሕር ኤሊ ዓሣ አይደለም፤ የሚተነፍሰው እንደ እኛ በሳንባ ነው። ውኃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየት ቢችልም አየር ለመሳብ ብቅ ማለት አለበት። ብቅ እንዳይል የሚያግደው ነገር ከገጠመው ይሞታል።

ሴቷ የምትወልደው እንቁላል በመጣል ነው፤ ለዚህም ወደ የብስ መውጣት ግድ ይላታል። አብዛኞቹ የባሕር ኤሊዎች የሚወጡት ሌሊት ሲሆን የኬምፕ ኤሊ ግን በጠራራ ፀሐይ ትወጣለች። በአብዛኛው ነፋስ በሚበዛበት ቀን ከማዕበሉ ወጥታ አሸዋው ላይ እየተጎተተች ውኃ ወደማይደርስበት ከፍታ ትሄዳለች። እዚያ እንደ ደረሰች በኋላ እግሮቿ መቆፈር ትጀምራለች። አንደኛው እግር አሸዋ ዝቆ ወደ ጎን ያስቀምጣል፤ ከዚያም ተራው የሁለተኛው ይሆናል። ጉድጓዱን አታየውም፤ ቁፋሮው የሚካሄደው ከኋላዋ ነውና። ጉድጓዱ ሲበቃት ወደ መቶ የሚጠጉ ነጫጭ ክብ እንቁላሎች ትጥልበታለች። ከዚያ አሸዋውን ትመልስና ሰውነቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘች በሆድ ቅርፊቷ ትደመድመዋለች። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጠናቀቃል። ሴቷ ወደ ባሕር ትመለሳለች፤ ጫጩቶቿንም አታያቸውም። ከ45 እስከ 60 ቀን ገደማ ሲሆን ጫጩቶቹ ተፈልፍለው፣ አሸዋውን በኅብረት ቆፍረው ወጥተው በራሳቸው ወደ ባሕር ይሮጣሉ።

የኬምፕ ኤሊዎች ሌላም ለየት ያለ ጠባይ አላቸው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሳይሆን ብዙ ሆነው፣ በአንድ ቀንና በአንድ ባሕር ዳርቻ ይወጣሉ። ሜክሲኮዎች ይህን አሪባዳ ይሉታል። የአሪባዳው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ቀበሮና አሞራ የቱንም ያህል ቢበሉ በአንድ ቀን የሚጣለውን እንቁላል ሁሉ ሊጨርሱት አይችሉም። ሰው ሲመጣ ግን ይኸው ጥቅም ወደ አደጋ ተለወጠ።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮቻችን፣ የኬምፕ ኤሊ በሳይንስ የታወቀው በ1880 ነው። ሪቻርድ ኬምፕ የተባለ የፍሎሪዳ ሰው ናሙና ልኮለት፣ ሳሙኤል ጋርማን የተባለ የሃርቫርድ ተመራማሪ አዲስ ዓይነት መሆኑን ጽፎ ስሙን በላኪው ስም ሰየመው። ከዚያ በኋላ ግን ኤሊው የት እንደሚወልድ ለማወቅ ሰማንያ ዓመት ፈጀ። በፍሎሪዳ ውኃ ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ያገኙታል፤ እንቁላል ስትጥል ያያት ተመራማሪ ግን አልነበረም። ከአጥማጆቹም አንዳንዶቹ ዲቃላ ነው፣ ራሱን አይተካም ይሉ ነበር። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ መምህር የነበረውና የባሕር ኤሊ ጥናት አባት የሚባለው አርቺ ካር ለዓመታት ከባሕር ዳርቻ ባሕር ዳርቻ እየዞረ ፈለገ፤ አላገኘም።

መልሱ የመጣው ከተመራማሪ አልነበረም። አንድሬስ ኤሬራ የሚባል የሜክሲኮ መሐንዲስ በ1947 በትንሽ አውሮፕላን እየበረረ በታማውሊፓስ ግዛት ራንቾ ኑዌቮ በተባለ ሥፍራ አንድ አሪባዳ አገኘ። አረፈና በእጅ ካሜራው ቀረጸው። ፊልሙ ለዓመታት ከሳይንስ ሰዎች ዓይን ርቆ ቆየ። ሄንሪ ሂልደብራንድ የተባለ የቴክሳስ የባሕር ሳይንስ ተመራማሪ አፈላልጎ አገኘውና በ1961 በኦስቲን ከተማ በተካሄደ የሳይንስ ጉባኤ ላይ አሳየው። ጉባኤተኞቹ ባሕር ዳርቻው በኤሊ ተሸፍኖ አዩ። ኤሊዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ አንዷ የሌላዋን እንቁላል ቆፍራ ታወጣ ነበር። ከምስሉ ተነሥተው በዚያ በአንድ ቀን ብቻ ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች እንደ ወጡ ገመቱ።

ፊልሙ ግን ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ሰዎች ከኤሊዎቹ መካከል እየተዘዋወሩ እንቁላል ሲሰበስቡ ይታያሉ። እንቁላሉ በጭነት እንስሳት ወደ ገበያ ይጓዝ ነበር፤ የወንድን ኃይል ይጨምራል የሚል እምነት ስላለ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር። ፊልሙ በተቀረጸበትና በታየበት ጊዜ መካከል 14 ዓመት አልፏል። በነዚህ ዓመታት ውስጥ እንቁላል መሰብሰቡ አልቆመም። ተመራማሪዎች ወደ ሥፍራው በደረሱ ጊዜ ያን የሚያህል አሪባዳ አላገኙም።

(አጭር ሙዚቃ)

የሜክሲኮ መንግሥት በ1966 በራንቾ ኑዌቮ የጥበቃ ካምፕ አቋቋመ። ባለሙያዎቹ ከባሕር ኃይል ወታደሮች ጋር ሆነው ዳርቻውን መጠበቅ ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ጉልበት ግን ይጠይቃል። አንዲት ኤሊ እንቁላል ጥላ ስትጨርስ እንቁላሉ ይወጣና በአጥር ወደ ተከለለ ሥፍራ ተወስዶ በተመሳሳይ ጥልቀት እንደገና ይቀበራል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ተቆጥረው ወደ ባሕር ይለቀቃሉ። የእንቁላል ስርቆቱ በእጅጉ ቀነሰ። ሰው ሁሉ አሁን ኤሊዎቹ ይጨምራሉ ብሎ ጠበቀ።

አልጨመሩም። እንዲያውም በየዓመቱ እየቀነሱ ሄዱ። በ1985 በሙሉ የመውለጃ ወቅት የተቆጠሩት ጉድጓዶች 702 ብቻ ነበሩ። አንዲት ሴት በአንድ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ እንደምትጥል ስናስብ፣ የወለዱት ሴቶች ከሦስት መቶ እንኳ አይሞሉም ማለት ነው። በአንድ ቀን 40 ሺህ ከሚገመትበት ወደ ጥቂት መቶ፤ ያውም አርባ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ።

በዚሁ ዘመን ሌላ ሙከራ እየተካሄደ ነበር። ራንቾ ኑዌቮ አንድ አደጋ ቢደርስበት የኤሊው ዘር በሙሉ ይጠፋል በሚል ስጋት፣ ሜክሲኮና አሜሪካ ሁለተኛ የመውለጃ ሥፍራ ለመፍጠር ተስማሙ። የተመረጠው በቴክሳስ የሚገኘው የፓድሬ ደሴት ብሔራዊ ፓርክ ነው። ተመራማሪዎቹ ኤሊ የተወለደበትን ዳርቻ በልጅነቱ ይለያል፣ ሲያድግም ወደዚያው ይመለሳል የሚል ግምት ነበራቸው። ስለዚህ ከ1978 እስከ 1988 ባሉት ዓመታት ከ22 ሺህ የሚበልጡ እንቁላሎች ተወሰዱ። ጥንቃቄው ያስደንቃል። እንቁላሉ ከእናቲቱ ሲወጣ የራንቾ ኑዌቮን አሸዋ እንዳይነካ በፕላስቲክ ከረጢት ይቀበሉታል። ከዚያም ከፓድሬ ደሴት በመጣ አሸዋ በተሞላ ሳጥን ውስጥ አድርገው በአውሮፕላን ይወስዱታል። ጫጩቶቹ በፓድሬ ደሴት ሲፈለፈሉ አሸዋው ላይ እንዲሄዱና ወደ ማዕበሉ እንዲገቡ ይደረጋል፤ ወዲያው በመረብ ተይዘው በጋልቬስተን በሚገኝ ላቦራቶሪ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር ያህል ያድጋሉ። ጠንከር ሲሉ ወደ ባሕር ይለቀቃሉ።

ይህ ሙከራ ለሳይንስ ትልቅ ትምህርት ሰጠ። የባሕር ኤሊ ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠበት ሙቀት ነው። አሸዋው 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን ወንድም ሴትም ይፈለፈላሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴት፣ ሲቀዘቅዝ ወንድ ይበዛል። ይህ በሚገባ ከታወቀ በኋላ የእንቁላል ማቆያው ሙቀት ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ከ1985 ጀምሮ አብዛኞቹ ጫጩቶች ሴቶች ሆኑ። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ትናንሾቹ ሲያድጉ እንዴት እንደሚለዩ ነበር። የብረት ምልክት ከእግር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነጣ ካለው የሆድ ቅርፊት ትንሽ ቁራጭ ወስደው በጠቆረው የጀርባ ቅርፊት ላይ ተከሉ። ቁራጩ ከኤሊው ጋር አብሮ ያድጋል፤ የተተከለበት ቦታም የተወለደበትን ዓመት ይናገራል።

የዚህን ሙከራ ውጤት ለማየት ግን ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። የኬምፕ ኤሊ ለመውለድ የምትደርሰው ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ነው። ዶና ሼቨር የተባለችው ተመራማሪ በፓድሬ ደሴት ዳርቻ ከረዳቶቿና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በየዓመቱ እየተዘዋወረች ትጠብቅ ነበር። በላቦራቶሪ ካደጉት መካከል የመጀመሪያዎቹ ለመውለድ ተመልሰው የታዩት በ1996 ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንቁላሉ እየተጠበቀ፣ ጫጩቱ በሺዎች እየተለቀቀ ቁጥሩ ለምን ቀነሰ? አድማጮቻችን፣ የታሪኩ መሠረታዊ ጥያቄ ይህ ነው።

በ1987 ዴቦራ ክራውስ፣ ላሪ ክራውደርና ሃል ካስዌል የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ሎገርሄድ ስለተባለው ሌላ የባሕር ኤሊ አንድ ስሌት አሳተሙ። የኤሊውን ዕድሜ በደረጃ ከፋፈሉ፤ እንቁላል፣ ጫጩት፣ ወጣት፣ ለአካለ መጠን የቀረበ፣ ወላጅ። ከዚያ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚሞተው ቢቀንስ ጠቅላላው ቁጥር ምን እንደሚሆን አሰሉ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። እንቁላሉ ሁሉ አንድም ሳይበላሽ ቢፈለፈል እንኳ የኤሊው ቁጥር መውረዱን አያቆምም። ባሕር ውስጥ ያሉት ትላልቅ ወጣቶችና ወላጆች ሞት በመጠኑ ቢቀንስ ግን ቁጥሩ ማገገም ይችላል።

ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። ከብዙ መቶ ጫጩቶች ለመውለድ የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው። አሥር ዓመት ኖራ፣ ከአሞራና ከሻርክ ተርፋ ለወላጅነት የቀረበች ኤሊ የብዙ ጫጩቶችን ያህል ዋጋ አላት። እሷን አጥቶ እንቁላል መጠበቅ ዘሩን ከወፍ ጠብቆ እሸቱን ለከብት እንደ መልቀቅ ነው።

ታዲያ እነዚህን ኤሊዎች ባሕር ውስጥ የሚገድላቸው ምን ነበር? በዋነኛነት ሽሪምፕ ለማጥመድ የሚጎተተው መረብ ነው። መርከቡ እንደ ሾጣጣ ከረጢት የሆነ መረብ በባሕሩ ወለል ላይ እየጎተተ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ይሰበስባል። መረቡ ለሰዓታት ውኃ ውስጥ ይቆያል። የገባች ኤሊ አየር ለመሳብ መውጣት አትችልም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1990 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ውኃ ውስጥ ሽሪምፕ ማጥመጃ መረብ የሚገድላቸው የባሕር ኤሊዎች ሌሎቹ የሰው ሥራዎች በሙሉ አንድ ላይ ከሚገድሏቸው ይበልጣሉ አለ። ከኬምፕ ኤሊ ብቻ በዓመት ከ500 እስከ 5,000 ይሞታሉ ብሎም ገመተ።

መፍትሔው ከአጥማጆቹ መንደር ተገኘ። ሲንኪ ቡን የተባለ የጆርጂያ ሽሪምፕ አጥማጅ ጄሊፊሽ መረቡን እየሞላ ቢያስቸግረው ቀደም ብሎ አንድ ዘዴ ፈጥሮ ነበር። በመረቡ ውስጥ የብረት ፍርግርግ ያስገባል። ፍርግርጉ ተንጋዶ የተቀመጠ ሲሆን በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ወደ አሥር ሴንቲ ሜትር ነው። ሽሪምፕ በክፍተቱ አልፎ ወደ መረቡ ጫፍ ይሄዳል። ትልቅ ነገር ግን ዘንጎቹ ላይ ተንሸራትቶ በተከፈተው በር ወደ ባሕር ይወጣል። ይኸው ዘዴ ለኤሊም ሠራ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ተቀባይነት ለማግኘት ወደ መረቡ ከሚገቡት ኤሊዎች 97 በመቶውን ማስወጣት አለበት።

አሜሪካ በ1987 መሣሪያውን የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ተቃውሞው ብርቱ ነበር። በ1989 የበጋ ወራት የቴክሳስ አጥማጆች በመርከቦቻቸው ወደቦችን ዘጉ። የሚያሳስባቸው የዕለት እንጀራቸው ነበር፤ በፍርግርጉ በር ሽሪምፕም ያመልጣል ሲሉ ተከራከሩ። ቅሬታቸው ተሰሚነት ማግኘት ነበረበት፤ መሣሪያውም በየጊዜው እየተሻሻለ ሄደ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ኤሊን በሚገድል መረብ የተያዘ ሽሪምፕ ከውጭ አገር እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሜክሲኮም በ1993 መሣሪያውን አስገዳጅ አደረገች።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ውጤቱን እንመልከት። ዳርቻውም ባሕሩም አንድ ላይ ሲጠበቁ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። በ1985 የነበረው 702 ጉድጓድ በ2009 በሜክሲኮ ከ20 ሺህ በለጠ። በቴክሳስም በ2017 ብቻ 353 ጉድጓዶች ተቆጠሩ። ከአንድ ትውልድ ሥራ በኋላ የተገኘ ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ አላበቃም። ሚያዝያ 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ ነዳጅ ለ87 ቀናት ባሕሩ ውስጥ ፈሰሰ። የኬምፕ ኤሊ ልጆች ሰርጋሰም በሚባል ተንሳፋፊ የባሕር ሣር ውስጥ ነው የሚያድጉት፤ ነዳጁም የሚጠራቀመው እዚያው ነበር። በዚያው ዓመት የጉድጓዶቹ ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት በሲሶ ያህል ወረደ። ተመራማሪዎች መንስኤው ነዳጁ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ በሚለው ላይ ይከራከራሉ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አንድ ዓመት ይወጣል፣ ሌላ ዓመት ይወርዳል። እንደ ቀድሞው ያለማቋረጥ አላደገም።

የሙቀት ነገርም አለ። ጾታን የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት በመሆኑ የዓለም ሙቀት መጨመር ለባሕር ኤሊዎች የተለየ ስጋት ነው። በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት፣ በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ሰሜናዊ ዳርቻዎች ከተወለዱት ወጣት አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች መካከል 99 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ሆነው ተገኙ። ወንድ ካልተገኘ የሴቶቹ ብዛት ትርጉም የለውም።

የሜክሲኮና የአሜሪካ የጋራ ዕቅድ ለኬምፕ ኤሊ ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል። በአንድ የመውለጃ ወቅት የሚወልዱት ሴቶች ቁጥር በአማካይ 40 ሺህ ሲደርስ፣ ይህም ለስድስት ዓመታት ሲጸና ኤሊው ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ሊወጣ ይችላል። ገና ሩቅ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮቻችን፣ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ከእናንተ መካከል ግን በባሕር አጠገብ የምትኖሩ ብዙዎች ናችሁ። በኦማን ራስ አልጂንዝ በተባለው ክልል አረንጓዴ ኤሊዎች ይወልዳሉ። በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻም የመውለጃ ጉድጓዶች ይጠበቃሉ፤ በሚኽሞሬት ከ1999 ጀምሮ የቆሰሉ ኤሊዎች የሚታከሙበት ማዕከል አለ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬፕ ኮድ ዳርቻ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወጣት የኬምፕ ኤሊዎች ብርድ መትቷቸው ሰውነታቸው እየደነዘዘ ዳር ይወጣሉ፤ በጎ ፈቃደኞችም እየፈለጉ ለሐኪም ያደርሷቸዋል።

እንዲህ ባለ ሥፍራ የምትኖሩ አድማጮቻችን ልታደርጉ የምትችሉት አለ። ኤሊ ስትወልድ ብታዩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ የእጅ ባትሪም ሆነ የስልክ መብራት አታብሩባት። ጫጩቶች ወደ ባሕር የሚሄዱት ይበልጥ ወደሚበራው አድማስ በማቅናት ስለሆነ የሰው መብራት መንገዳቸውን ያስታቸዋል። ዳር የወጣ ኤሊ ብታገኙ ወደ ውኃ አትመልሱት፤ በአካባቢው ላሉ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች አስታውቁ። ምልክት የታሰረበት ከሆነ ቁጥሩን መዝግባችሁ ንገሯቸው። እንዲህ ያለች አንዲት መረጃ ናት ተመራማሪዎች ኤሊው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚያውቁባት።

በአገር ቤት ለምትኖሩ፣ በተለይም የዱር እንስሳት ጥበቃ ለምትማሩና በዚያው ሙያ ለተሰማራችሁ፣ ከኬምፕ ኤሊ አንድ ትምህርት ውሰዱ። ቀስ ብሎ የሚያድግና ዘግይቶ የሚወልድ እንስሳ የሚጠበቀው በመውለጃው ብቻ አይደለም፤ በሚሰማራበት፣ በሚሻገርበትና ሰው ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ነው። ሥራውም የአንድ ዓመት ዕቅድ የሚጨርሰው አይደለም። በ1966 በራንቾ ኑዌቮ የመጀመሪያውን አጥር ያጠሩት ሰዎች ቁጥሩ ሲወጣ ለማየት ሃያ ዓመት ጠብቀዋል፤ በነዚያ ሃያ ዓመታት ቢሰለቹና ቢተዉት ኖሮ ዛሬ የምንነግራችሁ ኤሊ አይኖርም ነበር። ስለዚህ የጀመራችሁትን አትተዉ፤ ቁጥሩን በየዓመቱ መዝግቡ፤ ለሚተካችሁም አስረክቡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)